የክብሪት ቀፎ

በከዚራ ጥላ፣ ከባቡር ጣቢያው ጎን፣ ከክበቡ አዳራሽ
ተሰብስበን ነበር፤ ጠገራ አነፍናፊ፣ ጠገራ አገላባጭ፣ ጠገራ ዳሳሽ።
አው ኢድሪስ ከሐረር፣ ሙሴ ክርኮር ደግሞ ከሰዓት ሱቃቸው፣
ዋቤሪ ከሳቢያን፤ ሁሉም አጉሊ መነጽር እንደ ክታብ አንጠልጥለው ካንገታቸው።

እኔ ደግሞ በልሁ፤ ቀፊራ ገበያ «ብር አንጪው» እባላለሁ፤
ጥቁር ይዘው ይመጣሉ፣ ነጭ አርጌ እመልሳለሁ።
አመድ በሎሚ ለውሼ፣ በእራፊ ጨርቅ ፈግፍጌ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ስንቱን ጠገራ አጠብኩ እንደ ጥርስ አድርጌ።

ከአጫራቹ መዳፍ መጀመሪያ የወጣው የእኔው ነበር፣ ነጩ፤
«ንጹሕ ነው» አልኩ በሆዴ፣ «ይኸው ይሻሙበት፣ ይኸው ይንጫጩ።»
ሁለት እጅ ተነሣ፤ አንደኛው ዝንብ ሊያባርር።
በተለመደው ዋጋ ሄደ በዝግታ፣ ያለ አንዳች ክርክር።

ቀጥሎ አንዲት የክብሪት ቀፎ ተከፈተች፤
ከውስጧ ንግሥቲቱ በሌላ ሰው ፊት ወጣች።
ጉንጯ ሐምራዊ ሆኗል፤ አንገቷ ቢጫ ነው፣ የበሰለ ዘይቱን፤
ሻሿ ሲያዞሩት ይለዋውጣል፣ የርግብ አንገት ይመስል፣ መልክና ውበቱን።
ዘጠኙ ዕንቁዎቿ በየፊናቸው ነደዱ፣
ከዝናብ በኋላ ጋዝ እንደ ፈሰሰበት እንደ አስፋልት መንገዱ።

«ዝገት ነው!» አልኩ ጮኼ። ሙሴ ክርኮር ዞረው አዩኝ በዝምታ፤
ሕፃን እንደሚያዩት ከለቅሶ ቤት መሐል የሳቀ ላንዳፍታ።

ዋጋው ተነሣ፤ በእጥፍ፤ በእጥፉ እጥፍ፤
አጫራቹ ከእንቅልፉ ነቃ፤ ላቡ ከአገጩ ሲንጠፈጠፍ።
ዋቤሪ ቆሟል፤ አው ኢድሪስ ቆመዋል፤
አንድ ባለስልክ ጎረምሳ፣ ከማን እንደሆነ እንጃ፣ «ጨምር» ይባላል።
የባጃጅ ዋጋ አለፈ።
የሁለት ባጃጅ።
የሠርግ ድግስ፣ የልጅ ትምህርት፣ የቤት ቀብድ አለፈ፤
መዶሻው ሲመታ ማራገቢያው ብቻ ጣራው ላይ ቀዘፈ።

ከዚያ ወሬ ፈላ።
«ቀብተዋት ነው፤ የሰው እጅ አለበት» አለ አንዱ በሹክሹክታ።
«አይ፣ የድኝ ትንፋሽ ነው» አሉ ሙሴ፤ «ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ የአርባ ዓመት ሽውታ።»
«ዕብደት ነው» አለ ዋቤሪ፣ በአንድ እጅ የተቀደመው፣ ድምፁ እየሻከረ፤
«ቀለሙን ነው የገዛው፤ ብሩማ እዚያው ቀረ።»
አው ኢድሪስ ግን ሳቁ፤ «ስንቱን በዚህ እጄ ለአንጥረኛ ሰጠሁ!
አቅልጦ አምባር እንዲሠራው በኪሎ መዝኜ ስንቱን ሸኘሁ!»

ሻጯን ከበብናት። ሩሚያ ትባላለች፤ ከጀጎል ነው የመጣች።
«ምን አደረግሽላት?» ብንል ግራ ገባትና ሳቀች።
«ምንም። ወንድሜ ነው ቀፎው ውስጥ ከቷት ከቁም ሳጥን ጀርባ
ረስቷት የሞተው። ክብሪት መስላኝ እኮ፣ ክብደቷ አዳናት እንጂ ከጥራጊው ነበር የምትገባ።»

«ረስቷት» የሚለው ቃል እስከ ቀፊራ ድረስ ተከተለኝ በእግሩ።
እኔ አንዱን አልረሳሁም፤ ሁሉም በእጄ አለፉ፣ ሁሉም ነጭ ቀሩ።
ስንት ሐምራዊ ይሆን በጎድጓዳ ሳሕን ከውኃው ጋር የደፋሁት?
ስንት የርግብ አንገት፣ ሰው እየመረቀኝ፣ በሎሚ ያጠፋሁት?
ብር አጥባለሁ ብዬ
ለካ ብር አጥቤ በቦይ ሰድጃለሁ።

ማታ ከኪዮስኩ አንድ ክብሪት ገዛሁ፤
እንጨቱን በሙሉ ከከሰሉ ደፍቼ ባንዴ ሲነድ አየሁ።
አንዷን ነጭ ጠገራ ባዶው ቀፎ ውስጥ አስተኝቼ ዘጋሁ።
ስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ አርባ ሲጨመርበት... ድምሩን ለራሴም ደበቅሁ።

ያኔ መብራት ጠፋ፤ ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ጨለማ ለበሰ።
ሻማ አለኝ፤ ሻማውን የሚያስነሣ እንጨት ግን ከሰል ላይ ፈሰሰ።
ከግንቡ ማዶ ጎረቤቴ ሐዋ፤
«ጋሽ በልሁ፣ ለፋኖሴ ክብሪት ያውሱኛል?»
ቀፎውን አነሣሁ፤ ሳላስበው ነቀነቅሁት፤
ቋ... ቋ... አለ።
«አለ!» አለች ሐዋ በጨለማው መሐል፤ «ይኸው አለ!
ይወርውሩልኝ በቃ፤ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ፣ ቀፎው ሙሉ አይደለ?»