የሻይ ማንኪያ ጨው

መጀመሪያ አንዲት ነጥብ ነበረች፣ ክንፏ ጫፍ ላይ፣
የፂም ሳሙና ፍንጣቂ መስሎኝ ዝም አልኩ ሳይ።
በማግስቱ ሰባት ሆኑ፤ በሦስተኛው ቀን መቁጠር ተውኩ፤
የሰው ጆሮ ሥር ምላጬን እንደያዝኩ
ወደ መስታወቱ ሣጥን ዓይኔ እየሄደ፣
ከጠጠሩ ስትታከክ ልቤ አብሯት ወረደ።

ማራኪ ያለ ተማሪ በስልክ «ጨው» አለኝ፤ «የገበታው ሳይሆን፣
አዮዲን ያልነካው። ውኃዋም ለብ ያለ ይሁን።»
ቅዳሜ ገበያ ወርጄ የአሞሌ ስባሪ ገዛሁ፣
ወቅጬ፣ በሻይ ማንኪያ ለክቼ፣ በባልዲ አሟሟሁ።
ጥጋቡ፣ ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ፣ ሳቀ ከወንበሩ፦
«ጨዉስ ገባ! ዘይትና ሎሚ ናቸው የቀሩ።»

እኛ ሰፈር ቧንቧ በስምንት ቀኑ ነው፤ እሱም
በረኪና በረኪና ይላል፣ ሳያድር አይሆናትም።
ከምንጠጣው ጀሪካን ቀነስኩ፤ ለሚስቴ አልነገርኳትም።
አውቃለች መሰለኝ። ምንም አላለችም።

በአራተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። የአየር ሞተሯም ዝም አለ።

የሁለት ፀጉር ዋጋ ለማታወጣ ነፍስ
በሻማ፣ ውኃዋን በስኒ እየቀዳሁ መልሼ ከላይ ሳፈስ፣
ስንጥቋ ሲከፈት ሲዘጋ እያየሁ አብሬ ስተነፍስ
አደርኩ፣ የአጣጣሚ ሚካኤል ደወል እስኪደርስ።

ትናንት ዘጠኝ፣ ዛሬ ስድስት። ወይም ዓይኔ ደክሟል።
ጥጋቡ ፂሙ ሳያድግ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ ጎንበስ ይላል፣
መስታወቱን በትንፋሹ አደብዝዞ፦
«ስንት ቀራት?»