ምርቃት

ያለ ቀኗ መጣች፣ ሁለት ወር ቀደመች፤
እናቷ ናፊሪ ለማገዶ ወጥታ መንገድ ላይ ነበረች።
የጤና ጣቢያው ሚዛን ከተሰበረ ወራት አልፎታል፤
ነርሷ ኤሲናቲ «ሉፌዮ» አለችው፣ «ያንተስ ይሠራል?»

ሉፌዮ ነጋዴ ነው፣ በቺልዋ ሐይቅ ዳር፤
ማቴምባ የሚሉትን ደቃቅ ዓሣ ይዞ በብስክሌት የሚዞር።
የመንጠቆ ሚዛን አለው፣ ዝገት ጫፉን የበላው፣
ስንት ዓመት ቢታጠብ ሽታው የማይለቀው።
በፈላ ውሃ ነከሩት፣ በሳሙና ፈተጉት፣
ልጅቱን በጨርቅ ቋጥረው መንጠቆው ላይ ሰቀሏት።
አንድ ኪሎ ከመቶ።
ይኸን ቁጥር ያውቀዋል፤
በዚሁ ሚዛን፣ በዚሁ እጁ፣ ሺህ ጊዜ ሸጦታል፤
ደንበኛ ሲነዘንዘው ምርቃት ይጨምርለታል።
ዛሬ ለእሱ ማን ይመርቅ?

ጥግ ላይ የመስታወት ሣጥን አለ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣
የለጋሹ ስም በጎኑ፣ በትልቁ የወጣ።
መብራት የመጣ ዕለት በራ፣ ጢስ ተፋ፣ ዝም አለ፤
አሁን መዝገብና ባዶ ካርቶን በውስጡ ተቆለለ።
«ሚስትህ ደም ፈሷታል፣ ትኩሳቷም አልወረደ፣
ሸሚዝህን አውልቅ።»
ታዘዘ፤ ቁልፉን ሲፈታ ግን እጁ ራደ።

ደረቱ ላይ አጋደመቻት፣ እግሯ እንደ እንቁራሪት ታጥፎ፣
ጆሮዋ ልቡ ላይ ተለጥፎ፤
በናፊሪ ሽርጥ ጠፍራ አሰረችው።
«እንግዲህ ሣጥኑ አንተ ነህ» አለችው።
«ተቀምጠህ ተኛ። ትንፋሿ ሲቀር ውስጥ እግሯን ንካ፣ በጣትህ ጫፍ።»
«ባትመለስስ?»
«ደግመህ ንካ።»

ወሬው ሸምበቆውን አቋርጦ ሐይቁ ዳር ደረሰ፤
ጓደኞቹ መስኮቱን ሞሉት፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየተደገፈ፤
«ወንድ አራስ! ጡትስ አወጣህ ወይ?»
ሳቁ። እሱም ሊስቅ ነበር፤
ግን ደረቱ ቢነቃነቅ፣ ልጅቱ አትነቃም ወይ?

ከሳቂዎቹ አንዱ ፋኒዞ፣
ማታ ብቻውን ተመለሰ፣ በኮፍያው ስድስት እንቁላል ይዞ፤
ደፉ ላይ አስቀምጦ፣ ምንም ሳይናገር ሄደ።
ለካ ባለፈው ክረምት እሱም ቤት አንድ ተወልዶ፣
ምድጃ ዳር ተጠቅልሎ፣ ሳይነጋ በረደ።

ናፊሪ በትኩሳት መሐል ጡቷን ትጨምቃለች፤
ጠብታ ጠብታውን በመድኃኒት ክዳን ታጠራቅማለች።
ልጅቱ መጥባት አታውቅም፣ ገና አልደረሰችበትም፤
በማንኪያ ጫፍ ሲያስነኳት ግማሹ አገጯ ላይ ይቀራል፤
እሱንም አይጠርጉትም፣
በጣት ሰብስበው ይመልሱታል።

ሃያ ግራም ጨመረች። ሠላሳ ቀነሰች።
ከጎናቸው የነበረችው ሴት ጨርቋን አጥፋ ወጣች፤
«ወዴት?» ያላት የለም።

በሰባተኛው ሌሊት ትንፋሿ ቀረ።
ነካት።
ቆርቆሮው በነፋስ ይንኳኳል።
ነካት።
ኤሲናቲን ሊጠራ አፉን ከፈተ፣ ድምፁ ግን የት እንደገባ።
ነካት፤
እንደ ተቆጣ ሰው ፊቷን አጨማዳ አየር ሳበች።
ሲነጋ ለማንም አልተናገረም፤
ነገሩ በእሱና በጣቱ መሐል ቀረ።

በአርባ አንደኛው ቀን ናፊሪ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤
«አምጣት» አለች።
ሽርጡን ሲፈታው፣ ላቡን ነፋስ ሲነካው፣
ደረቱ መሐል፣ እሷን የምታክል ቦታ፣ በረደው።
ሸሚዙን ለበሰ። አሁንም በረደው።

ዝናቡ ተመልሶ ሐይቁ ሲሞላ፣ እሱም ገበያ ወጣ፤
አንዲት ሴትዮ ቅርጫት ይዛ፣
«አንድ ኪሎ ከመቶ» አለች፣ «ምርቃቱንም አምጣ።»
ሰፈረ። መርፌው ቁጥሩ ላይ ደርሶ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ።
ሉፌዮም አብሮት ቆመ።
«ምን ነካው?» ብላ ሴትዮዋ ስታየው፣
ሚዛኑን ከሥሩ፣ ጥቂት፣
በጣቱ ጫፍ ነካው።