መጠባበቂያ፣ አሥር በመቶ

ደብረ ብርሃን፣ ቢሮ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣
የእነዋሪን መሬት ሳላየው ለክቼ፣
አራት ክፍል ቆመ በወረቀት ላይ፤
በር ከነመስኮቱ፣ ጣሪያው ከነሰማይ።
ብረቱን በኪሎ፣ ቆርቆሮን በቁጥር፣
አሸዋን በቢያጆ ከጀማ ወንዝ ዳር፣
የውሃ፣ የዘበኛ፣ የጫኝ አውራጅ ዋጋ፣
ሁሉም በየረድፉ፣ ከክረምት እስከ በጋ።
ከሁሉም በታች፣ ከመስመሩ ጫፍ፣
«መጠባበቂያ» የሚል አንድ ትንሽ ጽሑፍ፤
አሥር በመቶ። ለምን አሥር? አላወቅሁ።
መምህሬም አልነገረን፤ እኔም አልጠየቅሁ።
ላልታየኝ ነገር ዋጋ ቆርጬ አደርሁ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሄድኩ በደነባ፤
ዋልካው አልደረቀም፣ ጫማዬ ውስጥ ገባ፤
እንደ ኬላ ጠባቂ እግሬን ያዝ አርጎኝ
«ሰነድህ የት አለ?» ያለኝ መሰለኝ።
ጋሽ ወንድይፍራው፣ ግንበኛው፣ ከመዶሻው ጋር፣
ፕላኑን ተቀብሎ አየው ከዳር ዳር።
«ስንት ብለኸዋል መሠረቱን?» አለኝ።
«አንድ ሜትር ከሃምሳ።»
ሳቁን ደበቀልኝ።

«ይሄ አፈር፣ ልጄ፣ ክረምት ይጠግባል፣
በጋ ሲርበው ግን አፉን ይከፍታል፤
ሚያዝያ ላይ ናና እጅህን ክተተው፣
እስከ ክርንህ ድረስ አይጠግብም ቢውጠው።
የእህል ማኅበሩን መጋዘን አይተሃል?
በግድግዳው ስንጥቅ ድመት ያልፍበታል።»

ቆፈርን። አንድ ከሃምሳ፦ ጥቁር። ሁለት፦ ጥቁር።
ሠራተኛው ባሬላ ይቆጥራል፣ እኔ ብር።
ሁለት ከሰማንያ፦ ጭንጫው ድምፅ ሰጠ፤
ያ አሥር በመቶዬ እዚያው ጉድጓድ ሰመጠ፣
ገና አንድ ድንጋይ በላዩ ሳይቀመጥ።

ኅዳር ላይ ሲሚንቶ በሳምንት ሁለቴ ጨመረ።
ነጋዴው በስልክ ሳል ብሎ ተናገረ፦
«ይሄ የዛሬ ነው፤ ነገ ደግሞ ነገ።»
የእኔ ዋጋ ዝርዝር ጡረታ ፈለገ።

ጌጤነሽ ናት ያኔ መጋዘን የያዘች፣
ባዶ ከረጢቱን ካላየች፣ ሙሉውን ያልሰጠች።
ማታ ማታ ደግሞ ከረጢት አራግፋ፣
ዱቄቱን በወንፊት ለብቻው ነፍታ አትርፋ፣
በወሩ መጨረሻ መዝገቡን አምጥታ
«ገቢ፦ ሁለት ኩንታል» አሳየችኝ በእርጋታ።
እኔ ወጪ ቁጥጥር ሁለት መንፈቅ ተምሬ
ይህን ምዕራፍ አላገኘሁም ከደብተሬ።

ጥር ላይ ስብሰባ። የወረዳው ሹም፦
«የቀሩት ሁለት ክፍሎች ያን ያህል አይጠልቁም፤
ማን ያያል ከመሬት በታች? ቀለሙ ግን ይሁን፤
እንግዳ ይመጣል፤ ሪባን ይቆረጥልን።»
እስክሪብቶዬ ቁጥሩ ላይ
ደርሶ ነበር፣ እውነቱን ልናገር።
ጌጤነሽ ናት፣ ከበሩ ሥር፦
«ከላይ ለቀነሱት ደረሰኙ ዛሬ ነው፤
ከታች ለቀነሱት መቼ ነው የሚመጣው?
ማነው የሚፈርመው?»
ዝም ተባለ።
ቀለሙን ሰረዝኩ፤ ኮርኒሱን ሰረዝኩ፤
የእብነ በረድ ጽሑፉን፣ ሪባኑን ሰረዝኩ፤
ሁለት ከሰማንያን በቀይ አሰመርኩ።

የምርቃቱ ቀን እንግዳው «አላለቀም እንዴ?» አለ።
ግድግዳው በግራጫ ልብሱ ዝም ብሎ ዋለ።

ሚያዝያ ተመለስኩ። ዋልካው ተተርትሯል፤
ክንዴን ከተትኩበት፤ እውነት ነው፣ ይውጣል።
ግድግዳውን ዞርኩት በጣቴ እየዳበስኩ፣
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እየፈለግኩ።
የለም።
ክፍል ውስጥ ልጆቹ ማባዛት ይጮሃሉ፤
ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ይሳሳታሉ።

አሁን ሌላ ሥራ፣ ጅሁር፣ ጤና ጣቢያ፤
ወረቀቱ ላይ አለ ያው መጠባበቂያ፤
ግን ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው ረድፍ፣
እንዲህ የሚል አለ የገዛ እጄ ጽሑፍ፦
«የአንድ ቀን አበል፣ የአውቶብስ ደርሶ መልስ፣
አፈሩን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄ ለማድረስ።»
ሒሳብ ሹሙ መልሶ ልኮልኛል ትናንት፦
«ደረሰኝ የሌለው ወጪ፤ ማብራሪያ ይጻፍለት።»