ለቆመ ሰዓት የቆሙ

ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ተሰብስበናል፣ ከማሞቂያው ዳር፤
አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ውሻ፣ ብስኩት ከሻይ ጋር።
እኔ ጸሐፊዋ ኤነድ ሰትክሊፍ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣
የሃርልሾ ወዳጆች ማኅበርን ዓመት ላነብ ነው፣ እንደ ወጉ አድርጌ።
ያምናው ቃለ ጉባኤ ጸድቋል፣ አንድ ፊደል ታርሞ፤
የዘንድሮው ይኸው፣ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ፣ አንዳንዱም ተደጋግሞ።

መቼም ሁሉም የሚጀምር ከሰዓቱ ነው፣
ከሱፍ አዳራሹ ማማ ላይ ስድስት ዓመት ከቆመው።
በጥር ለምክር ቤቱ ጻፍን፤ «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል» አሉ።
በመጋቢት ጻፍን፤ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» አሉ።
በሰኔ፣ ለምን እንደሆን እንጃ፣ የቆሻሻ መኪና ቀን መቁጠሪያ ላኩልን፤
ወፍ ተሥሎበታል፤ ደስ አለንና ሰቀልን።

ሚያዝያ ላይ ቦዩን አጸዳን፤ አርባ አንድ ጆንያ፣
ጎማ፣ የልጅ ጋሪ፣ ክዳን የሌለው የሻይ ማፍያ።
ገርትሩድ ከጭቃው ሰው ሠራሽ ጥርስ አወጣች፣ ሙሉ የላይ መንጋጋ፤
ክላይቭ ኦግደን አጥቦ ያዘው፤ እንደ ዋንጫ ወደ ፀሐይ ዘረጋ፤
«የምክር ቤቱ ነው» አለ፤ «ጥርስ የለውም እያልን ስናማው ከረምን።»

ክላይቭ ገንዘብ ያዣችን ነው። ነበር። በሰባ ስምንት ዓመቱ
በሽሮፕ ጠርሙስ ዘይት ይዞ በየወሩ ማማው ላይ መውጣቱ
ለኢንሹራንሱ አይበጅም ብዬ በቃለ ጉባኤ አስፍሬአለሁ።
ቆይ፣ እመለስበታለሁ፤ ቀድሜ መጣሁ።

በሐምሌ የእግር ጉብኝት ነበር። ዝናብ። ሦስት እንግዳ መጣ፤ አንዱ አውቶቡስ ጠባቂ ኖሯል፤
ጨዋ ነው፣ እስከ መጨረሻው ቤት አብሮን ዞሯል።
ሄስተር መርጋትሮይድ፣ ጃንጥላዋ በነፋስ ተገልብጦ፣
የፈታይ ሴቶችን ደመወዝ ስትቆጥር፣ ድምፅዋ ከዝናቡ በልጦ፣
እዚሁ ተወልጄ ያረጀሁት እኔ ያን ጊዜ ቀና አልሁ፤
ለካ ያ መስኮት እዚያ ነበር።

ግንቦት ላይ ለፊቢ ሆልሮይድ ሰማያዊ ሰሌዳ ሰቀልን፣ ከመዋኛ ቤቱ ግንብ፤
የድሃ ልጅ እንዳይሰጥም ዋና በነጻ ያስተማረች፣ ከፋብሪካ መልስ፣ ሳትራብ ሳይሆን እየተራበች እንኳ ሳትሰለች።
ቀራጩ ስሟን አሳሳተው፤ እንደገና ለማሠራት መቶ ስልሳ ፓውንድ።

ደስ የማይለውንም ማንበብ አለብኝ። መዋኛ ቤቱን አላዳንነውም።
ስድስት ለሰባት። በአንድ ድምፅ።
በጥቅምት ውርጭ ካርቶን ይዘን እዚያ ቆመናል፤
እኛ በቆምንበት ዛሬ መኪና ይቆማል።
የፊቢ ሰሌዳ ሄስተር ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።
ከፍርስራሹ አረንጓዴ ሸክላ ለቀምን፣ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ፤
የኔው ከሻይ ማንቆርቆሪያዬ ሥር ነው። ጠዋት አነሣና አሸተዋለሁ።

በኅዳር ክላይቭ አረፈ።
መዝገቡ በአራት ፔኒ ይበልጣል፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ
«ምክንያቱ አልታወቀም፤ እየፈለግሁ ነው።»
ኮቱ ኪስ ውስጥ የማማው ቁልፍ ተገኘ።
የገበያው ሰዓት ጠጋኝ ባልቢር ሶሂ ሦስት እሑድ ወጥቶ ወረደ፤
«ሰውየው በዘይት አጥምቆታል» አለ፤ «ያልዛገው በሱ ነው።
የጎደለው አንድ የማርሽ ጥርስ ብቻ።»
ጥርስ ሲል ገርትሩድ ሳቀች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ለገና ዋዜማ ደወለ። የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ሁሉ ቀና ብሎ አየ።
በማግስቱ ከጎረቤት ደብዳቤ መጣ፤ ደወሉ ሕፃን ቀሰቀሰ ይላል።
እኔም ጻፍሁ፤ «ደብዳቤዎ ደርሶናል።
ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው።»

ሌላ ጉዳይ? የጸሐፊነቱ ቦታ ክፍት ነው፤ እጅ የሚያነሣ?
ውሻው እንኳ አቀረቀረ።
እንግዲያው እኔው ነኝ።
ስትወጡ ወንበር እጠፉልኝ፤
ከልማድ ይሆናል፣ አሥራ ሁለት ዘርግቻለሁ።