ባና

ስሙ ዘርጋው ነው፣ ሥራውም መዘርጋት፤
ጠባሴ ዳር ሸራ ያነጥፋል ከንጋት፤
ያረጀ ካውያ፣ እጀታ ያጣ ድስት፣
የማላውቃቸው ሙሽሮች ከነመስታወት።
እዚያ መሐል አየሁት የአባቴን ባና፣
ለሦስተኛ ጊዜ ተሰቅሎ እንደገና።

የመንዝ በግ ጠጉር ነው፣ ጥቁር እንደ ከሰል፣
እሳት ዳር የፈተለችው እናቴ፣ ስታስል።
አባቴ ሲሸምነው ጥጉ ላይ በቀይ ክር
አንድ መስመር ጣለ፣ ‘የእኔ’ እንዲል፣ እንዲናገር።

በመጀመሪያው ጊዜ ስድስት መቶ ከፈልሁ፣
ቤት ወስጄ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ።
ሁለተኛው ጊዜ ዘርጋው ሺህ ብር ጠራ፤
‘ዕቃም’ አለኝ፣ ‘ባለቤቱ ሲፈልገው ኮራ።’

ወንድይፍራው ብሎ ነው አባቴ የጠራው፤
ዛሬ የመናኸሪያ ውሻ እንኳ አይፈራው።
ሲጀምር ነውር አልነበረም፤ ወገቡን ታመመ፣
ሲሚንቶ ሲያወርድ ከረጢት ስር አዘመመ።
ሐኪሙ ዐሥር ክኒን ቆጥሮ ሰጠው በወረቀት፣
እኔው ነኝ ያስታወስሁት፣ ‘ዋጥህ ወይ?’ እያልሁ ሌት ሌት።
ዐሥራ አንደኛውን ማን እንደሰጠው አላውቅም።
ሃያኛውን ማን እንደሸጠለት አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

‘ደህና ነው’ አሉኝ ጎረቤቶች፣ ‘እንደ አረቄ አይሸትም።’
እውነት ነው። አይሸትም። አይጮህም። አይንገዳገድም።
ፈገግ ይላል ብቻ፣ ሽሮው ፊቱ ሲቀዘቅዝ፣
ክንዱን ቀስ ብሎ ያክካል፣ ሐሳቡ ሲጓዝ።

ከዚያ ሬዲዮው ሄደ። ከዚያ የጋዝ ምድጃው።
ከዚያ የአባቴ ሳጥን፤
ወረቀቱን ሁሉ አልጋ ላይ ደርድሮ፣ በሥርዓት፣ ሳጥኑን ብቻውን።
እማዬ ‘ሌባ ገባ’ አለች። እኔም ‘ሌባ ነው’ አልሁ።
የሌባውን እራት ከድኜ አስቀመጥሁ።

ጠበል ወሰድነው፤ ሁለት ሳምንት ጸና።
ሆስፒታል ወሰድነው፤ ‘ወረፋ አለ’ አሉን፣ ‘ኑ እንደገና።’
ወረፋው ወር ነው። የእሱ ወር በሰዓት ይቆጠራል፤
ላብ ያጠምቀዋል፣ እግሩ ብቻውን ይራገጣል።

ሦስተኛው ጊዜ ግን ዘርጋው ዋጋ አልጠራም፤
ዐይኑን ሸራው ላይ ጣለ፣ ቀና ብሎም አላየኝም።
‘ማታ መጥቶ ነበር’ አለኝ፤ ‘ሊሸጥ አይደለም፤
ያንኑ የሸጠልኝን “ለዛሬ ሌሊት አከራየኝ” አለኝ፤ አላከራየሁትም።
ኅዳር ነው፤ የበሬሳ ዳር ሣር ነጭ ሆኖ አድሯል፤
ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ…’ ብሎ፣ ዝም ብሏል።

ገንዘቡን ሰጠሁት። ግማሹን መለሰልኝ።
ወደ ቤት አላመራሁም፤ እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ።
ከትኬት ቢሮው በረንዳ፣ ካርቶን ላይ ተኝቷል፣
ጉልበቱን አገጩ ስር ሰብስቦ ተጣጥፏል።
ያ ወገብ፣ ያ ሕመም፣ ከዚያ ሁሉ ክኒን ወዲህ፣
ይኸው ዛሬም ያመዋል፤ ተኝቶ ያቃስታል እንዲህ።

አልቀሰቀስሁትም። ስብከት ነበረኝ፣ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ፤
ባናውን ጣል ሳደርግበት ከአፌ ላይ ቆመ።
ቀዩን ክር በአገጩ በኩል አደረግሁት፣
ሲነቃ ቀድሞ እንዲያየው። ከዚያ ትቼው ሄድሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባሴ ወረድሁ፤
ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዐይኔ ፈለግሁ።
ካውያው አለ። ሙሽሮቹ አሉ። ባናው የለም።
ደስታዬን ሊጋራ ዘርጋው ግን አልቸኮለም፤
ሰዓቱን አየና፣ ሻዩን ፉት እያለ፣
‘ገና ሦስት ሰዓት ነው’ አለ።