ቀሪ

አንድ ጥማድ መሬት፣ ለሰባት ወራሽ፤
ቡሬ፣ ቀበሌው ቤት፣ የሰኔ ቀን ሲመሽ።
መብራት ሄዷል። ፈንታሁን በእጁ ያካፍላል፤
ምላሱን ነክሶ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ያሰላል።

ከነጥቡ ወዲያ፦
አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሰባት —
ደግሞ አንድ። ደግሞ አራት።
«እንደ አውድማ በሬ ዞሮ ዞሮ ነጎደ፤
ዜሮ ስጠብቅ፣ ቀሪው ሌላ ቀሪ ወለደ።»

ታላቃችን ስንሻው «ለእኔ እጥፍ ይሁን» አለ፤
ፈንታሁን አባዝቶ፣ ሣቀና፣ ቀጠለ፦
«ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራት —
እነዚያው ናቸው! ተነሡ እንጂ ከነበሩበት።
ቦታ ተቀያየሩ፣ የፊቱ ሆነ የኋላ፤
አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልገባ ሌላ።»
ሦስት ቢል፣ አምስት ቢል፣ ስድስት ቢል ሞክሮ፣
ያው ስድስት ይመጣል ወንበር ቀያይሮ።

እኛም ስድስት ነን፣ አግዳሚው ላይ።

«በሰባትስ?» አለች ጥሩዓለም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ — ሁሉም አንድ መሰለ፤
ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ — የሚበላለጥ የለ።
«ሚሊዮን ሊሞላ፣» አለ፣ «አንድ ብቻ ቀረው።»

ዝም አልን። ማናችን አፍ አውጥተን እንጥራው?
ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ የወረደው
ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።