መልስ

በቬምባናድ ሐይቅ ላይ፣ በኬራላ ዝናብ፣
ኡሴፕ አባቴ ነበር በታንኳ ቤተሰብ
የሚያስተዳድር ሰው፤ መቅዘፊያ ከእጁ
የማይለይ። እኔም፣ የበኩር ልጁ፣
ከኋላ ተቀምጬ፣ በዛገ ጣሳ
ሰርጎ የገባ ውኃ ስጨልፍ፣ ያለ ምሳ።

አንድ ሰሞን ታዲያ፣ ከኮታያም መጥቶ፣
አንድ ሰባኪ ለአባቴ ወረቀት ሰጥቶ
«ለሚሳፈር ሁሉ አድል» ብሎ አዘዘው፤
አባቴ ሰው አክባሪ፣ እሺ ብሎ ያዘው።
አደለ። ሴቶቹ ኦቾሎኒ ጠቀለሉበት፤
ልጆቹ ትንንሽ ታንኳ ሠሩበት።
«ኑ ወደ እኔ» የሚል አንዱ፣ ቀለሙ ለቆ፣
ከእንቦጭ ጋር ሄደ፣ ተንሳፍፎ፣ ርቆ።
አባቴ አልተቆጣም። መቅዘፊያውን አቁሞ
«እሱስ ዋና ይችላል» አለ ተገርሞ።
ከዚያ በኋላ ግን ወረቀት አልያዘም፤
ምላሱም ለስብከት አንድ ቀን አልታዘዘም።

ሐይቁን ተሻግሮ ነው ሆስፒታሉ ያለ።
የአባቴም ሕግ አንድ ነው፣ ያልተጓደለ፦
ሲሄዱ አምስት ሩፒ፤ ሲመለሱ ግን
ፊታቸውን ያያል። ያየ እንደሆን ሐዘን፣
ሳንቲም የያዘችን እጅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣
ጣት በጣት ያጥፋታል፤ «መልስ ላይ የለም ጣጣ።»
እኔ ግን እበግናለሁ፦ ታንኳችን ወንፊት፣
ደብተሬ በፌስታል፣ ሱሪዬ ያለ ልኬት።
«ሰው ሁሉ ቢያዝንሳ?» ብዬ ጠየቅሁት፤
«ይበዛል» አለና ቀዘፈ ወደ ፊት።

ቬላዩዳን ነበር፣ ኮኮናት የሚወጣ፣
ጠጅ ከጫፉ ቀድቶ ለገበያ የሚያመጣ፤
ምላሱ እንደ ቢላው፣ እንደ ማጭዱ ስለት፣
የአባቴን የአንገት መስቀል አይቶ ሲቀልድበት፦
«ሰውህ በውኃ ላይ ሄዷል አሉ፤ አንተ ለምን ትቀዝፋለህ?»
«ቦርጬን እያየኸው ከእሱ ታስተካክለኛለህ?»

አንድ የሐምሌ ሌሊት ሚስቱ ካማላም ታማ፣
በዝናብ አሻገርናት፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ።
አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት
ብቻውን መጣ፣ ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልሎላት።
ሬሳዋን መኪና በዙሪያ ሲያመጣ
እሱ በአቋራጭ፣ ቤት ሊጠርግ፣ ቀድሞ ወጣ።
ሳንቲም ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት
አባቴ እጁን ያዘው። ሐይቁም ዝም አለለት።

መሀል ውኃ ላይ ደርሶ መቅዘፉን ተወው፤
ዳር ላይ ሕዝብ ቆሟል፣ እዚህ ማን ሊያየው?
ጀርባውን ሰጠው። እኔም በምልክቱ
ጣሳዬን አኖርሁ፣ እንዳይጮህ ብረቱ።
ቬላዩዳን አለቀሰ። ውኃው ቀስ በቀስ
ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ባቴ ላይ እስኪደርስ።

ከወር በኋላ መጣ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት።
«ኡሴፕ፣ መልስ አለብህ፤ ንገረኝ እውነት።
ሃያ ዓመት ቀለድሁብህ። ለምን ሒሳቤን ተውህ?
የመልሱን ማን ከፈለህ?»

አባቴ ተንተባተበ። ጆሮው ቀላ። ሰባኪ አይደለ፤
መሐረብ አውጥቶ ደረቅ ግንባሩን ጠረገና እንዲህ አለ፦
«የመጀመሪያው ልጄ የሞተ ጊዜ...
ያንተኑ ጠጅ ነበር የምጠጣው፣ በትካዜ።
ማዶ ቀርቼ ነበር። አንድ ሰው አሻገረኝ፤ ሒሳብ አልጠየቀኝም።
እሱን ነው የማውቀው። ሌላ ቃል የለኝም።»

የመጀመሪያው ልጅ።
በኩር እኔ መስሎኝ ነበር፣ እስከዚያች ቀን።

ቬላዩዳን ቆየ። ታንኳውን በእግሩ ነካ፤
«ሰውህስ ደግ ነው፤ ታንኳህ ግን ወንፊት ነው ለካ!»
ሄደ። አልተጠመቀም፤ እስካሁንም አልተጠመቀ።
(ይህን ለሰባኪው ስነግረው ፊቱ ወደቀ።)

በማግስቱ ግን መጣ፣ የኮኮናት ቃጫ በትከሻ፣
ሬንጅ በባልዲ፣ አንድ መዶሻ።
ታንኳውን ገልብጠው፣ በጉልበታቸው አሸዋ ላይ፣
ስንጥቁን ሲዳስሱ እናቴ ከደጅ ብታይ፣
«ይጸልያሉ እንዴ?» አለች። መልስ አልሰጠኋት፤
ጣሳዬን ይዤ ወረድሁ። እሷንም ጠራኋት።